ቀይ የተቀባው ያልከፈለ ነው

የእድራችንን የመዋጮ ሰንጠረዥ ያሳመርኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ግራፊክ ዲዛይን ስለሆነ በሰፈሩ የሠርግ ጥሪም ሆነ የሙት ዓመት መታሰቢያ ወደ እኔ ይመጣል፤ ሰንጠረዡም በዚያው መንገድ መጣ። በኤክሴል ስሙን ወደ ታች፣ ወሩን ወደ ጎን ደረደርኩ። የከፈለውን አረንጓዴ፣ ያልከፈለውን ቀይ ቀባሁ። ከሩቅ ሲያዩት ያምር ነበር። ለስብሰባው አርባ ቅጂ ሲያስፈልግ ግን የባለ ቀለሙን ዋጋ ማን ይከፍላል? በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ተባዛ። ሲታደል ከፋዩም ባለዕዳውም አንድ ዓይነት ግራጫ ለብሰው ወጡ። አንዲት እናት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ካዩት በኋላ፣ «ታዲያ ይሄ ምን ይላል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ከስብሰባው በኋላ የእድሩ ጸሐፊ ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ እኔ ባለ ቀለሙንም ቢሆን አልለየውም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምነው ጋሼ?» ብላቸው፣ ጅማ አካባቢ ልጅ ሳሉ ቡና ለቀማ ሲወጡ የበሰለውን ከጥሬው እየቀላቀሉ ሁልጊዜ ይቆጧቸው እንደነበር ነገሩኝ። ለሌላው ሰው ከቅጠሉ መሐል ቦግ የሚለው ቀይ ፍሬ ለእሳቸው ቅጠል መስሎ ያልፋል። የኔን ሰንጠረዥ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ስታነብላቸው የኖረችው የልጅ ልጃቸው ናት።

ከዚያ ወዲህ ቀለም ያለበት ሥራ ከእጄ ከመውጣቱ በፊት የማሳልፈው ፈተና አለኝ። ለቢሮ ሪፖርትም፣ ለግራፍም፣ ለግድግዳ ማስታወቂያም፣ ለስልክ መተግበሪያም ይሆናል።

«ቀለም ተዉ» ማለቴ ግን አይደለም። ዓይን ከማንበቡ በፊት ቀለም ያያል፤ ከመቶ ግራጫ መስመር መሐል አንዱ ብርቱካናማ ቢሆን ሳትፈልጉት ታገኙታላችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚይዙትን የሕፃናት ክንድ መለኪያ ጥብጣብ አስቡ። ከ6 እስከ 59 ወር ያለ ልጅ ክንድ ላይ ይጠመጠማል፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት ልጇን ራሷ ለክታ የቱ ላይ እንዳረፈ ታያለች። እዚህ ላይ ዋናው ተናጋሪ ቀለሙ ነው። ያም ሆኖ ጥብጣቡ ላይ ቁጥር ታትሞበታል፤ ቀለሙ ያልታየው ሰው ቁጥሩን ያነባል። እኔ ሰንጠረዡ ላይ የረሳሁት ይህንን ቁጥር ነው።

አንደኛ፦ ቀለሙን አጥፉና እዩት

ሥራው ሲያልቅ ስክሪናችሁን ወደ ግራጫ ቀይሩት። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግስ ገብታችሁ አክሰሲቢሊቲ በሚለው ሥር ከለር ፊልተርስን ክፈቱ፤ ግሬስኬል የሚል ምርጫ አለ። አይፎን ላይም አክሰሲቢሊቲ ውስጥ፣ ዲስፕሌይ ኤንድ ቴክስት ሳይዝ በሚለው ሥር ይገኛል። ብዙው አንድሮይድ ስልክ ላይም አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ተመሳሳይ ማስተካከያ አታጡም። ይህ ሁሉ ካታከታችሁ የሥራውን ፎቶ በስልክ አንስታችሁ ሳቹሬሽን የሚለውን መጨረሻው ድረስ ወደ ታች ጎትቱት። ከሁሉ የሚቀልለው ግን ሰፈር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ እኔን ያጋለጠኝም እሱ ነው።

ከዚያ ስለ ሥራው ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡትና አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ከነዚህ ውስጥ ያልከፈለው ማን ነው?» ዝም ብላችሁ ጣቱን ተመልከቱ። ካመነታ አላለፋችሁም። ማብራራት ከጀመራችሁማ ወድቃችኋል፤ ወረቀቱ ሰው እጅ ሲገባ እናንተ አጠገቡ አትኖሩም።

ለምን እንደሚጠፋ ማወቅ ይጠቅማል። ቀይና አረንጓዴ ለአብዛኞቻችን ሰማይና ምድር ናቸው፤ በብርሃን መጠን ግን ጎረቤታሞች ናቸው። በኮምፒውተር የቀለም ቁጥር ንጹሑን ቀይ (255፣ 0፣ 0) ከተለመደው ደማቅ ያልሆነ አረንጓዴ (0፣ 128፣ 0) ጋር ብታነጻጽሩ በመካከላቸው ያለው የብርሃን ልዩነት 1.3 ለ 1 እንኳ አይሞላም። ጥቁርና ነጭ 21 ለ 1 ናቸው። ማሽኑ ቀለሙን ሲነሳቸው ሁለቱን የሚለያቸው ምንም አልቀረም።

ሁለተኛ፦ እያንዳንዱ ቀለም የሚለውን በቃል ጻፉት

ባዶ ወረቀት አውጡና ዘርዝሩ። ቀይ ማለት ምንድን ነው? ቢጫስ? ስትጽፉ ሁለት ጉድ ይወጣል። አንዱ፣ ምንም የማይል ቀለም ታገኛላችሁ፤ ርዕሱ ሰማያዊ የሆነው ስላማረ ብቻ ነው። ጌጥ ነውር የለውም፤ ብቻ ለጌጥ የዋለውን ቀለም ሌላ ቦታ ለትርጉም አታውሉት። ሌላው፣ አንዱ ቀለም ሁለት ደመወዝ ሲበላ ታገኙታላችሁ፦ ቀይ እላይ «አልከፈለም»፣ መሐል ላይ «አስቸኳይ»፣ ታች ደግሞ የድርጅቱ አርማ ነው። ከሥራው አንዱን አስለቅቁት።

ዝርዝሩ ከአምስት ስድስት ካለፈ አንባቢ በአእምሮው አይዘውም። በአሥራ አንድ ቀለም የተቆራረጠ ክብ ግራፍ «አሳምርልን» ተብሎ መጥቶልኝ ያውቃል፤ ሦስቱ ቁራጮች አረንጓዴ ነበሩ። ትንንሾቹን «ሌሎች» ብዬ ሰበሰብኩ፣ የቀሩትን ስማቸው አጠገባቸው የተጻፈ አግድም ባር አደረግኋቸው። ሁሉም ባር አንድ ቀለም ነበር፤ ማንም ቅር አላለውም።

ሦስተኛ፦ ለቀለሙ ጓደኛ ስጡት

ብዙው ሥራ እዚህ ላይ ነው።

መንገድ ዳር ቁሙና የመኪና ታርጋ ተመልከቱ። ለዓመታት የለመድነው አሠራር ታክሲን ኮድ 1 ብሎ በቀይ፣ የግልን ኮድ 2 ብሎ በሰማያዊ፣ የንግድን ኮድ 3 ብሎ በአረንጓዴ፣ የመንግሥትን ኮድ 4 ብሎ በጥቁር የሚጽፍ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ከሩቅ በቀለሙ ያውቀዋል። ሲመሽ፣ ቀለሙ ሲላጥ ወይም ፀሐይ ሲበላው ደግሞ ቁጥሩን ያነባል። ቀለሙና ቁጥሩ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይቀራል።

ከታርጋው የቆየ መምህርም አለን። የብራና ጸሐፊ ሁለት ቀለም ይዞ ይቀመጣል፣ ጥቁርና ቀይ። በቀዩ የክፍሉን መነሻ፣ የእግዚአብሔርን፣ የማርያምን፣ የቅዱሳንን ስም ይጽፋል። ገና ገጹ ሲገለጥ ዓይን ቀዩ ላይ ያርፋል። ግን ቀዩ ቢደበዝዝ፣ ወይም ገጹ በጥቁርና ነጭ ፊልም ቢነሳ፣ ማርያም የሚለው ማርያም እንዳለ ይነበባል። ቀዩ የስሙን ክብር ያሳያል እንጂ በስሙ ቦታ አልገባም።

ለሥራችሁ ጓደኛ ስትመርጡ መጀመሪያ ቃልን ሞክሩ። የእድሩ ሰንጠረዥ ላይ በየሳጥኑ «ከፍሏል» ወይም «ቀሪ 200» ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ቀለሙ ለሚቸኩል ዓይን ሆነ፣ ቃሉ ለሁሉም። ስታሳጥሩ ግን ተጠንቀቁ። እኔ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ተከፍሏል ለማለት «ተ»፣ ቀሪ ለማለት «ቀ» አድርጌ ነበር፤ በትንሽ ፊደል፣ በደከመ ቶነር ስትታተም የ«ቀ» ሆድ ይደፈንና «ተ» ትመስላለች። ሰው ሳይከፍል ከፋይ ሊሆን ነበር።

ቃል የማይበቃበት ቦታ ቅርጽ ይግባ። ካርታ ላይ ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን፤ ቦታ ለተሞላበት ደግሞ ሰረዝ ሰረዝና ነጠብጣብ። የመስመር ግራፍ ላይ አንዱን ድፍን፣ አንዱን ቁርጥራጭ፣ አንዱን ወፈር ያለ አድርጉ፤ ስማቸውንም መስመሩ ጫፍ ላይ ጻፉት። ግራፉ ጥግ ላይ በሳጥን የሚቀመጠውን የቀለም መፍቻ አልወደውም። አንባቢው መስመሩን አይቶ ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑ ወደ መስመሩ ሲመላለስ ቁጥሩን ይረሳዋል፤ ቀለም ለማይለየው ሰውማ ሳጥኑ ራሱ ሌላ እንቆቅልሽ ነው።

ቦታም ጓደኛ ይሆናል። ቀጥ ብሎ የቆመ የትራፊክ መብራት ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ስለሆነ ጋሼን የመሰለ ሾፌር የትኛው እንደበራ በቦታው ያውቃል። በካናዳዋ ኩቤክ ቅርጽም ጨምረውለታል፤ ቀዩ አራት ማዕዘን፣ ቢጫው በማዕዘኑ የቆመ፣ አረንጓዴው ክብ ነው።

መተግበሪያ ወይም ድረ ገጽ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቦታ ላይ ደጋግሜ የማየው ስሕተት አለ። ቅጽ ሲሞላ የተሳሳተው ሳጥን ዙሪያው ቀይ ይሆንና ያበቃል። ከሥሩ «ስልክ ቁጥሩ አንድ አኃዝ ይጎድለዋል» ብላችሁ ጻፉ። ጽሑፍ መሐል ያለ ሊንክም በሰማያዊነቱ ብቻ አይታወቅ፤ አስምሩበት። ይህ የኔ ምርጫ ብቻ አይደለም። የድረ ገጽ መመዘኛዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ደብሊው ስሪ ሲ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የተደራሽነት መመሪያ ተራ ቁጥር 1.4.1 ላይ መረጃ በቀለም ብቻ እንዳይተላለፍ ይጠይቃል፤ ያስቀመጠውም በመጀመሪያው፣ ማለትም በዝቅተኛው ደረጃ ነው።

አራተኛ፦ ጽሑፍ ከሆነ ንጽጽሩን ለኩ

ያው መመሪያ ተራ ጽሑፍ ከመደቡ ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1፣ ትልቅ ጽሑፍ ደግሞ 3 ለ 1 ንጽጽር እንዲኖረው ይላል። ሁለት ቀለም ስታስገቡላቸው ቁጥሩን የሚያወጡ ነጻ ማስሊያዎች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። ቢጫ በነጭ ላይ 1.1 ለ 1 አይደርስም፤ ባዶ ወረቀት ማለት ነው። የሚያስገርመው ግን ቀዩ ነው። ንጹሑ ቀይ በነጭ ላይ 4 ለ 1 ብቻ ስለሆነ ለትንሽ ጽሑፍ ይወድቃል። ጠቆር አድርጉት፣ ወደ በርበሬው አስጠጉት።

ለፊደላችን እኔ 4.5ንም አላምነውም። «ጨ»ንና «ጩ»ን፣ «ሠ»ንና «ሡ»ን የምትለየው ቅጥያ ጭረት በትንሽ መጠን ስስ ክር ናት፤ ቀለሙ ሲሳሳ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ከ7 ለ 1 በታች ላለመውረድ እሞክራለሁ።

እግረ መንገዴን አንድ ሐሜት ላውጣ። አማርኛ የምንጽፍ ዲዛይነሮች ቀይ የምናበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፤ ሲያጋድሉትም የተሰበረ አጥር ይመስላል። ስለዚህ አንድ ቃል ጎላ እንዲል ሲፈለግ እጃችን ወደ ቀለም ይሮጣል። ከዚያ በፊት ክብደቱን ሞክሩ። ችግሩ ብዙ የለመድናቸው ፎንቶች፣ ኒያላም ሆነ አቢሲኒካ፣ አንድ ክብደት ብቻ ያላቸው መሆኑ ነው፤ ቦልድ ስትሉት ኮምፒውተሩ በግድ ያወፍረውና የፊደሉ ሆድ ይደፈናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ከስስ እስከ ወፍራም በየደረጃው ተሠርተው ይመጣሉ፣ በነጻም ይገኛሉ። ወፍራሙን ተጠቀሙና ቀዩን ለሚገባው ቦታ ቆጥቡት።

አምስተኛ፦ ቀዩንና አረንጓዴውን አፋቱ

ዓይናችን ውስጥ ቀለም የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ። ቀይና አረንጓዴን ለመለየት የሚያገለግሉት የሁለቱ ዓይነቶች ዘረ መል ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ወንድ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ ላይ ችግር ካለ መተኪያ የለውም። እናት ራሷ ሳይታወቃት ለልጇ የምታወርሰው በዚህ ምክንያት ነው። የሰሜን አውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ከ12 አንዱ፣ ከሴቶቹ ከ200 አንዷ ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር አለባቸው። በአፍሪካ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ የእድራችን ጸሐፊ ግን በቁጥሩ ማነስ አልተጽናኑም።

ሁለት ነገር ብቻ የምትለዩ ከሆነ ሰማያዊና ብርቱካናማ ውሰዱ። ቀይና አረንጓዴ ለሚምታታበትም ሰው ተለይተው ይታያሉ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ማሳታካ ኦካቤና ኬይ ኢቶ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ለዚሁ ብለው ያዘጋጁት ስምንት ቀለም አለ። እኔ አዘውትሬ የምወስደው ሰማያዊውን (0፣ 114፣ 178) እና ብርቱካናማውን (230፣ 159፣ 0) ነው። ሰማያዊው በነጭ ላይ ከ5 ለ 1 ስለሚያልፍ ከፍ ላለ ጽሑፍ ይሆናል። ብርቱካናማው ግን ከ2.3 አይበልጥምና መደብ አድርጉት፣ ጽሑፉን በጥቁር ጻፉበት።

አለቃ «ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ካልሆነ» ካለስ? ይላል፤ ሁሉም መሥሪያ ቤት የለመደው ነው። አትከራከሩ። ቀዩን ጠቆር፣ ቢጫውን ፈካ፣ አረንጓዴውን ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ መካከለኛ አድርጉትና እላዩ ላይ ቃሉን ጻፉ። ወደ ግራጫ ሲቀየሩም ሦስት የተለያዩ ግራጫዎች ይሆናሉ።

ስድስተኛ፦ በቀለም ስም አትዘዙ

«ሐምራዊውን ቁልፍ ይጫኑ» ብላችሁ አትጻፉ። ቀለም መለየት የማይቸገረውም ሰው ይጠፋበታል፤ ሐምራዊ ሲባል ለአንዱ ጽጌረዳ የመሰለው፣ ለሌላው ወይን ጠጅ የመሰለው ነው የሚመጣበት። «ላክ የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ» በቂ ነው። ከብት አርቢው ይህን ያውቅበታል። ላሙን በቀለም ብቻ አይጠራትም፤ ቡሬ ሲል ዝንጉርጉርነቷን፣ ቦቃ ሲል ነጩ ግንባሯ ላይ መሆኑን ጭምር ነው የነገራችሁ።

የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ውሰዱ። ሁለቱ መስመሮች ሰማያዊና አረንጓዴ ናቸው፤ ሰማያዊው ወደ ቃሊቲ፣ አረንጓዴው ወደ አያት ይወርዳል። ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ክፍል ግን አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። እዚያ ቆሞ የሚጠብቅ መንገደኛ የሚመጣው ባቡር የትኛው እንደሆነ ከሩቅ በቀለሙ ይገምታል፤ በሩ ሲከፈት ግን ጎኑ ያለውን «ቃሊቲ ነው አያት?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው የሚሄደው ቦታ እንጂ ቀለም አይደለም። የምትጽፉት ምልክት ከቀለሙ ጎን መድረሻውን ይንገር።

ሰባተኛ፦ ውጭ አውጡት

ዲዛይኑን ጨለምለም ባለ ክፍል፣ ብርሃኑ ሙሉ በሆነ ስክሪን ስለሠራችሁት አትመኑት። የስልካችሁን ብርሃን ወደ ሩብ ቀንሱና እኩለ ቀን ላይ በረንዳ ላይ ቆማችሁ እዩት። ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ፀሐይን አስቡ። በየሱቁ በር ላይ የከረመ ፖስተር ሰማያዊ ጥላ ብቻ ሆኖ የሚቀረው ቀዩና ቢጫው ቀድመው ስለሚሸሹ ነው፤ በቀይ «አደገኛ» ብላችሁ የጻፋችሁት ከበጋ በኋላ የሚገኘው ባዶ ቦታ ሆኖ ነው። ዋናው መልእክት በጥቁር ይሁን።

ሥራችሁ ድንበር የሚሻገር ከሆነ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ይህ ቀለም እዚያ ምን ይላል? ቻይና ውስጥ የአክሲዮን ዋጋ ሲወጣ በቀይ፣ ሲወርድ በአረንጓዴ ነው የሚጻፈው። የኛ ሰው ቢያየው ከስሮ የተመለሰ ይመስለዋል።

አዲሱን የእድር ሰንጠረዥ ይዤ ጋሼ ቤት የሄድኩት እሑድ ከሰዓት ነው። በጥቁርና ነጭ ያሳተምኩትን ብቻ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ፤ የልጅ ልጃቸውን አልጠሯትም። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ። «ቀሪ 200» ይላል። ስሙን አንዴ አነበቡት፣ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ደገሙት። የራሳቸው ስም ነበር። ቀና ብለው ወደ ጓዳ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሦስት ወር ሙሉ ዝም ያልሽኝ ይሄን ነው?» አሉ።